በዲስክ የሚዞር ለቅሶ

አስማማው ይርጋ ቅዳሜ በገሳይ፣ ማክሰኞ በነፋስ መውጫ፣ ሐሙስ በሐሙሲት ይለቀስለት ነበር። ለቅሶውን ከደብረ ታቦር ተሸክሞ የሚያደርሰውም ራሱ ነው።

ዲስኩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በጉያው ይይዘዋል። ከቪዲዮ ቤቱ ሲደርስ ለባለቤቱ አይሰጥም፤ በገዛ እጁ ከማጫወቻው ይከትተዋል፤ ፊልሙ እስኪያልቅም ከማሽኑ አጠገብ ንቅንቅ አይልም። ሲያልቅ አውጥቶ፣ መልሶ ጠቅልሎ፣ በሚኒባስ ይመለሳል። እንዲህ ካልተደረገ ፊልሙ በማግስቱ ተገልብጦ በየሱቁ ይቸረቸራል። ስለዚህ ሌላው ሰው ፊልሙን አንዴ ወይም ሁለቴ ሲያይ፣ አስማማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ስሙ ሲለቀስ ወደ አርባ ጊዜ ሰምቷል።

ላኪው ርብ ፊልም አከፋፋይ የሚባል የአክሲዮን ማኅበር ነው። በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. ስልሳ ሁለት ሰዎች አቋቋሙት፤ መምህራን፣ ጠላ ሻጮች፣ ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች፣ ገብስና ጤፋቸውን ሸጠው የመጡ ገበሬዎች። ትልልቆቹ አከፋፋዮች ፊልማቸውን ከባሕር ዳርና ከጎንደር አያሳልፉም። ለገሳይ ማን ያስባል? «እኛ እናስብላታለን» አሉ ስልሳ ሁለቱ። ሰብሳቢያቸው መምህር ካሳሁን ነበር። አስማማው በባጃጅ ሹፌርነት ሦስት ዓመት ያጠራቀመውን አምጥቶ ሁለት አክሲዮን ገዛ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ በስብሰባ ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም። ታማኝነቱን ያዩ ባለአክሲዮኖች ግን ዲስክ የመያዙን ሥራ ለእሱ ሰጡት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች ማንንም አላሳቁም፣ ማንንም አላስለቀሱም። በሦስተኛው ግን አንድ ወጣት የፊልም ሠሪ ከአዲስ አበባ መጣና፣ «ቀረጻውን ካገዛችሁኝ በእናንተ በኩል ላሉት ከተሞች ፊልሙን ለእናንተ ብቻ እሰጣለሁ» አላቸው። የፊልሙ ስም «የአፋፉ ቤት» ነው። የቀብር ትዕይንት አለው፤ ለዚህም ለቀስተኛ ያስፈልጋል። ባለአክሲዮኖቹ በአንድ የግንቦት ቅዳሜ ጠዋት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ሜዳ ተሰበሰቡ።

የሚሞተው ተዋናይ ግን ቃሬዛውን ሲያይ ወደ ኋላ አለ። «ቆሜ እሞትልሃለሁ፤ እዚያ ላይ ግን አልተኛም» አለው ለፊልም ሠሪው።

«ፊቱ አይታይም፤ በሰሌን ይጠቀለላል፤ ማንም ይተኛ» አለ ፊልም ሠሪው ወደ ሰዉ ዞሮ። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ለጤነኛ ሰው ቃሬዛ ላይ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

«አንተ አስማማው!» አለ መምህር ካሳሁን። «አንተ ቀጭን ነህ፤ ለተሸካሚም ትቀላለህ።»

አስማማው እምቢ ማለት አያውቅበትም። ተጠቀለለ።

ለቅሶውን እንዲያወርዱ የተለመኑት እትዬ አበበች ናቸው። እሳቸውም ባለአክሲዮን ናቸው፤ ከዚያ በፊት ግን በደብረ ታቦር ዙሪያ ስማቸው የታወቀ አልቃሽ ናቸው። አበበች ያላለቀሱለት ሰው በወጉ ሞተ አይባልም። ፊልም ሠሪው በወረቀት ላይ የጻፈውን ስም አነበበላቸው። «ሟቹ ዳኘው ነው የሚባለው፣ እማማ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የማንም አይደለም። የፈጠራ ነው።»

«እንግዲያው ማን ሞተና ነው የማለቅሰው?»

«እንዲያው ዝም ብለው ያልቅሱ።»

አበበች ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ድምፃቸው ወጣ፤ ለቅሶው ግን አልወጣም። እንደ ደረቀ ጡት ሆነባቸው። በሦስተኛው ወደ ቃሬዛው አዩና በሰሌኑ ጫፍ የወጣውን የአስማማውን እግር ተመለከቱ። የአስማማውን አባት ይርጋን ያውቁታል፤ ቀብሩ ላይ አልቅሰውለታል። ያን ጊዜ አፋቸው ተከፈተ፦

«ደህና ዋልክ ወይ ብዬ ደጃፉን ሳንኳኳ፣
አስማማው የይርጋ ቤቱ የለም ለካ።
የጉናን ብርድ እንኳ ፈርቶ የማያውቀው፣
አስማማው የይርጋ አፈር እንዴት ሞቀው?»

ስልሳው ሰው በአንድ ጊዜ ተቀበለው። ወንዱ ደረቱን ደቃ፤ ሴቱ ጉንጩን ያዘ። ለፊልም ብሎ የመጣው ሰው ፊልሙን ረሳው፤ እያንዳንዱ የየራሱን ሟች አነሣ። አስማማው በሰሌኑ ውስጥ ሆኖ ሰማ። ከሰሌኑ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን እንደ መርፌ ቀጭን ነበር። «እዚህ ነኝ» ሊል ፈለገ፤ ግን የሰው ሥራ ማበላሸት መሰለውና ዝም አለ። ሲያወርዱት እጆቹ ቀዝቅዘው ነበር። ሰዎቹ እየሳቁ ጀርባውን መታ መታ አደረጉለት፤ እትዬ አበበች ብቻ አልሳቁም።

ፊልም ሠሪው በደስታ አበደ። የሟቹን ስም በፊልሙ ውስጥ ሁሉ አስማማው አደረገው።

ፊልሙ በጥቅምት ወጣ፤ ሰዉም ጎረፈ። አስማማው ከማሽኑ አጠገብ ሆኖ ሲያይ ግን፣ የሚመጡት ፊልም የሚወዱ ሰዎች አልነበሩም። እናቶች ነበሩ። ልጃቸው በበረሃ የቀረ፣ በባሕር የሰጠመ፣ ዘምቶ ያልተመለሰ፣ በዐረብ አገር ሞተች ተብሎ በስልክ ብቻ የተነገራቸው ነበሩ። መርዶው ደርሷቸዋል፤ ሬሳ ግን አላዩም። የ«የአፋፉ ቤት» ባለታሪክ ማንን እንደሚወድ፣ ማን እንደገደለው ደንታ አልነበራቸውም። ቃሬዛው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሰሌኑ ውስጥ ያለው ፊት አይታይም፤ ስለዚህ የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል። ቃሬዛው ሲመጣ አብረው ያለቅሳሉ፤ ካለቀ በኋላ ዐይናቸውን ጠርገው፣ «እግዜር ያጥናሽ» ተባብለው ወደ ገበያቸው ይበተናሉ።

አስማማው ያንን ሰሌን እያየ መተኛት እያቃተው ሄደ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ስሙን ከጠራው፣ መዞር ያስፈራው ጀመር። ለማንም አልተናገረም። ለእናቱም አልነገራትም፤ ቃሬዛ ላይ መተኛቱን ማን ለእናቱ ይናገራል?

እናቱ ፈንታነሽ ከገሳይ በላይ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ከምታስኬድ መንደር ነበር የምትኖረው። ስልክ የላትም። መኸር ላይ ገበሬ ከቪዲዮ ቤት አይገባም፤ ስለዚህ የመንደሩ ሰው ፊልሙን ሳያይ ቆየ። አውድማው ከተጠረገ በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ አያ ዘውዱ የሚባሉ ጎረቤቷ ገብስ ሊሸጡ ገሳይ ወረዱ። ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲመጣ ከቪዲዮ ቤቱ ገቡ። አያ ዘውዱ በሕይወታቸው ሁለት ቪዲዮ አይተዋል፤ አንዱ የወንድማቸው ልጅ ሠርግ ነበር፤ ሌላው የአንድ ባለጸጋ ተዝካር። ቪዲዮ ማለት የሆነውን ነገር መያዣ ነው ብለው ነው የሚያውቁት። ቃሬዛውን አዩ። አስማማው የይርጋ ሲባል ሰሙ። ያለቀሱትን ሰዎች ግማሹን በስም ያውቋቸዋል። አስማማው በጨለማው ውስጥ ከጀርባቸው፣ ከማሽኑ አጠገብ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ኋላ አልዞሩም። ገብሳቸውን ሳይሸጡ ተመለሱ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ፣ እንደ ወጉ፣ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው የፈንታነሽን በር አንኳኩ።

አስማማው የሰማው በአራተኛው ቀን ነው። ዲስኩን ይዞ ወደ ነፋስ መውጫ ሲሄድ፣ ከገሳይ የተሳፈረች ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቡ ተቀመጠች።

«የማን ለቅሶ ነው?» አላት።

«የፈንታነሽ ልጅ ሞቶ ነው፣ ወንድሜ። ለሦስተኛ ልጇ።»

«የትኛዋ ፈንታነሽ?»

«የይርጋ ሚስት ናታ! ልጁ ከተማ ነበር። ለእናቱ እንኳ ሳይነግሩ ቀበሩት ይባላል፤ የከተማ ሰው ምን ልብ አለው?»

አስማማው ሚኒባሱን አስቁሞ ወረደ። በዚያ ሳምንት ነፋስ መውጫ ላይ ፊልም አልታየም።

ቤታቸው ሲደርስ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር። በር ላይ የቆሙ ሴቶች ሲያዩት ጮኹና ወደ ጎን ሸሹ። እናቱ ፀጉሯን ተላጭታ፣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አልጮኸችም። ፊቱን ዳሰሰችው፤ እጁን ዳሰሰችው፤ ጎንበስ ብላ እግሩን ሳይቀር ዳሰሰች። አስማማው እያለቀሰ ስለ ፊልሙ፣ ስለ ሰሌኑ፣ ስለ እትዬ አበበች ነገራት። ሁሉንም ሰማችው። አያ ዘውዱ ከጥግ ሆነው፣ «በዐይኔ አይቼ!» ይላሉ፤ ደጋግመው «በዐይኔ አይቼ!»

«ገባኝ» አለች እናቱ በመጨረሻ። «ሰዎች ሲጫወቱብህ ነው።»

«እምዬ፣ እንግዲህ ስሜን ጥሪኝ። እነዚህ ሰዎች ይስሙ።»

ፈንታነሽ ራሷን ነቀነቀች። «ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። ስማቸውን ጠርቼ አለቀስኩ፤ አልመጡም። ያንተን ስም ጠርቼ ሳለቅስ መጣህ። ምን እንደመጣብኝ አላውቅም። ያ ለቅሶ አሁንም ይዞራል ወይስ ቆሟል?»

«ይዞራል።»

«እንግዲያው ሞት ስምህን በየገበያው እየሰማ ነው። ያለህበትን ግን ገና አላወቀም። እኔ ከጠራሁህ፣ ይኸውና እዚህ ነው ይላል። ለቅሶው እስኪቆም ስምህ ከአፌ አይወጣም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ «እንግዳው» ትለው ጀመር። «እንግዳው፣ ብላ እንጂ።» «እንግዳው፣ መሸ፤ ተኛ።» እጇ የእናት እጅ ነበር፤ አፏ ግን የሌላ ሰው። ቄሱም ዘንድ ሄደ። የክርስትና ስሙ ተጠርቶ ፍትሐት ተደርጎ ነበር። «ጸሎት አይበዛብህም፣ ልጄ» አሉት ቄሱ እየሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ፤ ዐይናቸውም ትከሻው ላይ ቀረ፤ ፊቱን ትኩር ብለው አላዩትም።

አስማማው ሌላ ምንም አልፈለገም። እናቱ አንድ ጊዜ «አስማማው» ብትለው በቃው።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ባለአክሲዮኖቹ ተሰበሰቡ። መምህር ካሳሁን አጀንዳውን አነበበ፦ «አቶ አስማማው ይርጋ የቀብሩ ትዕይንት ከፊልሙ ተቆርጦ እንዲወጣ ጠይቀዋል። ፊልም ሠሪውን በስልክ አነጋግሬዋለሁ። በእናንተ ተራራ ላይ የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ እኔ አላየሁም ብሏል። እንግዲህ ተነጋገሩበት።»

በላይነህ የሚባል ገበሬ ወዲያው ተነሣ። «ጎበዝ፣ ይኼ ቅርጫ ነው እንዴ? በሬው ታርዶ፣ መደቡ ወጥቶ፣ ዕጣው ከደረሰ በኋላ፣ ምላሱን አውጡልኝ ይባላል? ያውም ምላሱ ከወጣ ምን ይቀረናል? አጥንት!»

ሰዉ ሳቀ። «ሰኮናውን ጨምርበት!» አለ ሌላው ከኋላ።

ትዝታ ግን አልሳቀችም። ከሪያድ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሁሉም ብዙ አክሲዮን ያላት እሷ ናት። «እኔና እህቴ እየሩስ አብረን ሄድን» አለች ተቀምጣ እንዳለች። «የተመለስኩት ብቻዬን ነው። አስከሬኗ አልመጣም። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አላለቀሰችም፤ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ አልወጣላትም። በኅዳር ሐሙሲት ወሰድኳት። እትዬ አበበች አስማማው ሲሉ፣ እናቴ እየሩስ አለች። በዚያ ሌሊት ተኛች። ይኼን ነው ቁረጡት የምትሉኝ?»

መምህር ካሳሁን ወደ አስማማው ተመለከተ። አስማማው ቆመ።

«እናቴ…» አለ። «እናቴ ስሜን አትጠራኝም።»

ተቀመጠ። የሚከራከረው ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ። በላይነህ እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ማገላበጥ ጀመረ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ፣ እትዬ አበበች?» አለ ካሳሁን።

«እኔ ምን እላለሁ? ከአፌ የወጣው ከእጄም ወጥቷል። ቁረጡት ካላችሁ ቁረጡት» አሉ አበበች፤ «እኔ ግን መቀስ የሚቆርጠው ለቅሶ አላውቅም።»

እጅ ወጣ። ትዝታም ጥቂት ቆይታ፣ በመጨረሻ እጇን አነሣች። እንዲቆረጥ ተወሰነ።

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ልጅ ከገበያው አጠገብ ባለችው ስቱዲዮው በአንድ ከሰዓት ቆረጠው። አራት ደቂቃ ከግማሽ ነበር። አሁን የሟቹ እናት በሩን ትከፍታለች፤ ወዲያው ድንጋይ የተከመረበት መቃብር ይታያል፤ ከዚያ ታሪኩ ይቀጥላል። አስማማው ዲስኩን ሲጠቀልል ክብደቱ የቀነሰ መሰለው።

በየካቲት የመጀመሪያ ቅዳሜ እናቱን ይዞ ገሳይ ወረደ። በጆሮዋ ሰምታ ካላረጋገጠች አታምነውም። ፈንታነሽ ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተደፍኗል፤ ቀትር ሳለ ውስጡ ጨለማ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሙላቴ ከሴቶቹ አግዳሚ ላይ ቦታ ለቀቀላት። «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ። አይፍሩ፤ ሥዕል ነው» አላት። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ትዕይንቱ መቆረጡን ማንም አልሰማም፤ አስማማውም ለማንም መንገር አፍሮ ነበር።

ፊልሙ ተጀመረ። አስማማው ማሽኑን ሳይሆን የእናቱን ጀርባ ያይ ነበር። በሥዕሉ ብርሃን ነጠላዋ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ግራጫ ይሆናል። ሰዎቹ ያሳልሳሉ፣ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ከዚያ በፊልሙ የሟቹ እናት ወደ በሩ ስትሄድ ቆሎው ቆመ። ሁሉም የሚመጣውን ያውቃል። ነጠላቸውን ያዘቀዝቁ ጀመር።

በሩ ተከፈተ። መቃብሩ መጣ።

ቃሬዛ የለም። ድምፅም የለም። ሥዕሉ ላይ ነፋስ ብቻ ሣሩን ያወዛውዛል። ሰዉ ጠበቀ። አንድ ሰው «ተዘለለ» አለ። አስማማው እናቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ስታዳምጥ አየ። ልቡ «ይኸው፣ ቆመ፤ አሁን ትዞራለች፤ አሁን ትጠራኛለች» አለው።

ከሦስተኛው አግዳሚ አንዲት ሴት ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታንጎራጉር ሁሉ፣ «ደህና ዋልክ ወይ ብዬ…» አለች።

ጎኗ ያለችው ተቀበለቻት። «…ደጃፉን ሳንኳኳ።»

ከዚያ ሁሉም። ለወራት የሰሙት ነው፤ ሁሉም በቃሉ ይዞታል። የእትዬ አበበች ድምፅ በሌለበት የሠላሳ ሴት ድምፅ ወጣ። ሥዕሉ አልፎ የገበያ ግርግር ማሳየት ጀምሯል፤ ማንም አላየውም። አግዳሚዎቹ ተገፉ። ወንዶቹ ተነሥተው ደረታቸውን ደቁ። አስማማው ማሽኑን አጠፋው፤ ቤቱ ድፍን ጨለማ ሆነ፤ ለቅሶው ግን የበለጠ ደመቀ። እስከዚያን ቀን ያለቀሰው ዲስክ ነበር፤ ሲያልቅ ያልቃል። አሁን የሚያለቅሱት እስትንፋስ ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

«አስማማው የይርጋ!» ይላሉ።

«ወገኖቼ!» አለ አስማማው። «ቁሙ! እዚህ ነኝ!» ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ልማድም አልነበረውም። ከጎኑ የነበረ ሰው በጨለማው ትከሻውን አቀፈው። «አይዞህ፣ ወንድሜ። አልቅስ፤ ይውጣልህ» አለው።

እየገፋ ወደ ሴቶቹ ሄደ። እናቱን በነጠላዋ ሳይሆን በድምፅዋ አገኛት። መቼ እንደተነሣች አላየም። ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት በለቅሶ መሐል ዝም ብላ መቀመጥ አትችልም፤ የተላጨ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ትወዛወዛለች። አፏ ያለቀሰው መጀመሪያ ስለ ታላላቆቹ ነበር። ከዚያ ሰዉ ወደሚጠራው ስም ተሻገረች።

«አስማማው!» አለች።

ሁለት ወር ሙሉ የጠበቀው ድምፅ ነበር። አልተለወጠም፤ ከጓሮ ሆና ለምሳ የምትጠራው ድምፅ ነው።

«አቤት» አላት።

አልሰማችውም። እጇን ያዘ፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ ወይም የእሱ እጅ ነበር የቀዘቀዘው። ፊቷን ወደ ጨለመው ግድግዳ እንዳዞረች፣ ደግማ፣ ከፍ አድርጋ ጠራችው።

«አቤት፣ እምዬ» አላት፤ «አቤት።»